የጠጄ አራት ምዕራፎች

አቶ ፈየራን ያወቅኋቸው በ1961 ዓ.ም. ነው። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበሩ። እኔ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ አነስተኛ አሳታሚ ቤት ውስጥ የልብ ወለድ ረቂቅ አነብ ነበር። ታሪኩ ከየት ይጀምር፣ ምን ይጨመርበት፣ ምን ይቀነስ እያልኩ ደራሲዎችን ማማከር ሥራዬ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ለሥራው አዲስ ነበርኩ፤ አዲስነቴ ግን ለራሴ አይታየኝም ነበር።

ረቂቁን ያመጡት በዘጠኝ የተማሪ ደብተር ጽፈው፣ በሲባጎ አስረው ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

«አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ። «ባቡር ሲመጣ ትኬት እሸጣለሁ፤ ሌላው እስኪመጣ እጽፋለሁ።»

በሦስት ቀን አነበብኩት። ሮሪሳ የሚባል የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ባላጠፋው ጥፋት ከሥራ ይባረራል። አቤቱታውን ለትልቁ አለቃ በአካል ለማቅረብ ሐዲዱን ተከትሎ ከአቃቂ እስከ ድሬዳዋ በእግሩ ይጓዛል። መንገድ ላይ የሚገጥመው ሁሉ ልብ ይሰቅላል። ታዲያ ሮሪሳ አዋሽን ሊሻገር ሲል ታሪኩ ድንገት ወደ ኋላ ይመለስና አቃቂ ከቀረችው ሚስቱ ዘንድ ይቀመጣል። አራት ምዕራፍ ሙሉ።

ሴትየዋ ባቡር በቆመ ቁጥር በሦስተኛ ማዕረግ መስኮት ሥር እርጎ ትሸጣለች። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ ልትወርድ ስትል ጨቅላዋን «አንዴ ያዢልኝ» ብላ በመስኮት ታቀብላታለች። ጓዟን ለማምጣት ዞር ስትል ባቡሩ ይነሣል። እናትየው ሞጆ ወርዳ በመልሱ ባቡር እስክትደርስ ሁለት ቀን ያልፋል። የሮሪሳ ሚስት የራሷን ልጅ ከቀበረች ገና ወር አልሆናትም፤ ጡቷ ወተት አለው። ሁለቱን ቀን ሕፃኑን ታጠባዋለች። ከዚያ እናቱ መጥታ ትወስደዋለች። በቃ። ሕፃኑ ዳግመኛ አይነሣም፤ ሮሪሳም ነገሩን ሳይሰማ ይቀራል።

ስድስት ገጽ አስተያየት ጽፌ አቶ ፈየራን አስጠራኋቸው።

«አራቱ ምዕራፎች ይውጡ» አልኳቸው። «ታሪኩን ያቆሙታል።»

«ሴትየዋስ?»

«ገና ከመጀመሪያው ብትሞትስ? ሮሪሳ ወደ ኋላ የሚያስበው አይኖረውም። ሐዘኑን ይዞ ሲሄድ መንገዱም ይከብዳል።»

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «አትሞትም እኮ» አሉ።

«የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

«ሕፃኑ ያለበት ምዕራፍ እንኳ ቢቆይ?»

«ከዋናው ታሪክ ጋር በምን ይገናኛል?»

የሚሉት ነበራቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ነገር ግን ሌላ ደራሲ በር ላይ ይጠብቀኝ ስለነበር ሰዓቴን አየሁ። እሳቸውም ሰዓቴን ሳይ አዩኝ።

«ይሁን። የተማሩት እርስዎ ነዎት» ብለው ደብተሮቻቸውን ሰብስበው ተነሡ።

በዓመቱ አስተካክለው መለሱት። ሚስትየዋ ሦስተኛው ገጽ ላይ በአምስት መስመር ሞታለች። ከዚያ በኋላ ታሪኩ እንደ ባቡሩ ሳይቆም ይሄዳል። በ1963 ታተመ፤ አንድ ጋዜጣ «አንዲት ትርፍ ቃል የሌለበት» አለው። ያንን ቆርጬ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

መጽሐፉ በስምንት ወር አለቀ። ሁለተኛ እትም ሲወሰን የምሥራቹን ራሴ ልንገራቸው ብዬ አንድ ቅዳሜ ከለገሃር ተሳፍሬ አቃቂ ወረድኩ። ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ፣ ባሕር ዛፉን አለፍ ብሎ ነው። ግቢው ውስጥ አንዲት ጠይም ሴት ቅል ጭናቸው ላይ አስተኝተው ወተት ይንጣሉ።

«ባለቤቴ ጠጄ ናት» አሉኝ አቶ ፈየራ። ወደ እሳቸው ዞረውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መጽሐፉን ያዩልኝ የሺሐረግ እሳቸው ናቸው» አሉ።

እትዬ ጠጄ ቅሉን መናጥ አላቆሙም። «የገደልሽኝ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አቶ ፈየራ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያኔ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ።

እርጎ ሻጯ እትዬ ጠጄ ነበሩ። ሕፃኑን በመስኮት የተቀበሉትም፣ ያጠቡትም እሳቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ማታ ማታ ሲያወሩላቸው ባላቸው ይጽፋሉ፤ የተጻፈውን መልሰው ያነቡላቸዋል፤ «እንዲህ አይደለም» ካሉ ይሰረዛል። አራቱ ምዕራፎች እንዲህ ነበር የተጻፉት። አቶ ፈየራ ምዕራፎቹን ሲያወጡ ግን ለሚስታቸው አልነገሩም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲሉ መጽሐፉ ታትሞ መጣ።

«ጎረቤቶቼን ጠራሁ» አሉ እትዬ ጠጄ። «የኔ ነገር በመጽሐፍ ወጥቷል፣ እሑድ ኑና ስሙ አልኩ። ሰባት ሴት መጣ። ይሄ ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ገና አንድ ሁለቴ ሲገልጥ ሞትኩ። እኔ እኮ ቆይታ ትነሣለች ብዬ ጠበቅኩ። ድሬዳዋ እስኪደርስ ጠበቅኩ።»

«እትዬ ጠጄ፣ አላወቅሁም ነበር» አልኩ።

«ጠየቅሽው?»

አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ቃላት እየተጋጩብኝ ሁለተኛ እትም እንደሚወጣ ነገርኳቸው። አራቱን ምዕራፎች እንመልሳለን፣ አለቃዬንም አሳምናለሁ፣ መጽሐፉ እንደገና ሙሉ ይሆናል አልኩ። ደብተሮቹን ብቻ ስጡኝ አልኩ።

«ደብተሮቹ እኔ ጋ ናቸው» አሉ እትዬ ጠጄ። «ሣጥኔ ውስጥ ናቸው።»

«እሰየው!»

«አልሰጥሽም።»

አቶ ፈየራ «ጠጄ» አሉ፤ የተማጽኖ ድምፅ ነበር።

«አንተ ዝም በል። አያስፈልጉም ስትባል ዝም ብለህ የለ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ያንን ልጅ ሁለት ቀን ያዝኩት። ስሙን እንኳ አላውቅም። ለማንም ሳልናገር ሃያ ዓመት ኖርኩ፤ ለዚህ ሰው ነገርኩት። እሱ ላንቺ ሰጠሽ። አንቺ ጣልሽው። አሁን እንደገና አውጥቼ አልሰጥም።»

ቅቤው እስኪወጣ ቁጭ በይ አሉኝ። ቁጭ አልኩ። አሬራ በጣሳ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ።

ሁለተኛው እትም እንደ መጀመሪያው ሆኖ ወጣ።

በ1965 መጨረሻ አቶ ፈየራ ቢሮዬ መጡ። አርጅተዋል፤ እጃቸው ባዶ ነው። ሁለተኛ ልብ ወለድ እንዲጽፉ ደብዳቤ ልኬላቸው ነበር፤ ለዚያ ነው የመጡት።

«ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት» አሉ።

«ምን አጋጠመዎት? ያምጡትና አብረን እንየው። የጎደለውን እንፈልጋለን።»

«የጎደለውንማ አውቀዋለሁ።» ኮፍያቸውን አነሡ። «ጠጄ ታወራኛለች፤ እራት ቀርቧል ትላለች፣ ጣሪያው ያፈሳል ትላለች። ታሪክ ግን አታወራኝም። ስጠይቃት ‹ለማን ልትሰጠው ነው?› ትለኛለች።»

ያን ቀን ማንም ውጭ አይጠብቀኝም ነበር። ጊዜ ነበረኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶም ፊቴ ነበር። እስክሪብቶውን ከድኜ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።