በክንድ የተለካ በር

ሥራነሽ ቀኝ ጉልበቷን ከወይራ ፍልጥ ጋር በመቀነቷ ጠፍራ አስራ፣ ምርጊቱ ገና ባልደረቀው አዲስ ቤቷ መሀል ቆማለች። እግሯ እንዳይታጠፍ ቋጠሮውን ደግማ አጠበቀችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። መቀመጡስ አላስቸገረም፤ መነሣቱ ነው የጠፋው። የታሰረው እግሯ ወደ ፊት ተወድሮ ቀረ፤ ሌላው ብቻውን ሊያነሣት አቃተው። በመጨረሻ ወደ ጎኗ ተንከባልላ፣ ምድሩን በመዳፏ ይዛ፣ በአራት እግሯ ድኻ ነው የተነሣችው። ልብሷ ሁሉ ጭቃ ሆነ።

ባሏ አንለይ ዛሬ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጣሊያን መንደሩን ባቃጠለ ጊዜ ጫካ የገባ ሰው ነው። በመጨረሻው ዓመት ጥይት ጉልበቱን መታው፤ ቁስሉ ዳነ፣ ጉልበቱ ግን እንደ ተገተረ ቀረ። አሁን ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ የሰው ባል ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ የእሷ በታናሽ ወንድሙ በታረቀኝ አፍ እንዲህ ብሎ ላከባት፦ «ወደ ዲማ ገዳም ሳልፍ አይቼሽ ልሂድ። ለእኔ ብለሽ ቤት አትሥሪ፤ እኔ እንግዲህ ለቤት የምሆን ሰው አይደለሁም።»

ሥራነሽ ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ታረቀኝን አጥብቃ ጠየቀችው። እሱም እያመነታ ነገራት።

«እታለም፣ ባረፈበት ቤት ሁሉ ከመደብ ሲነሣ ሁለት ሰው ብብቱን ይዞ ነው። ያን ጊዜ ፊቱን ማየት አልቻልሁም፤ ዘወር አልሁ።»

እንግዲህ ወደ ገዳም የጠራው ጉልበቱ ነው ማለት ነው። ሥራነሽ ከእግዚአብሔር ጋር ልትጣላ አልፈለገችም፤ ከመደብ ጋር ግን ልትጣላ ቆርጣ ተነሣች። መደቡን ከፍ አድርጋ እንዳትሠራው፣ ዛሬ የተመረገ ዛሬ አይደርቅም።

ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አንድ ነገር በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። የአንለይ አያት ከአንድ የዋንዛ ግንድ የጠረቡት በርጩማ ነበር፤ ሦስት እግሩ የወፈረ፣ መቀመጫው ከብዙ ዘመን መቀመጥ የለሰለሰ። መንደሩ ሲቃጠል የሚካኤል ጽዋ የእማሆይ ተራ ስለ ነበር፣ መቀመጫ ጎድሏቸው ተውሰው ወስደውት፣ እሳቱ ያልደረሰበት እሳቸው ቤት ሆኖ ነው የተረፈው። ከዚያ ቤት ከእሳት የወጣ ሌላ ዕቃ የለም።

«ይኸውልሽ፤ በአደራ አቆይቼልሻለሁ» አሉ። «የአያቱ ነው፤ እዚህ ላይ ሲቀመጥ ልቡ ይመለሳል። እግርሽን ደግሞ ምን ነካው?»

ሥራነሽ በርጩማውን ሳመችው። ከዚያ እግሯን ወድራ ተቀመጠችበት። ከመደቡም ያንስ ነበር። ለመነሣት ስትንፈራገጥ እማሆይ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ያን የተዘረጋ እጅ ስታይ አንለይ የሸሸው ይህንን መሆኑ ገባትና አለቀሰች።

«እማሆይ፣ ልቡስ ይመለስ ይሆናል። እሱን ማን ያነሣዋል?»

«እንግዲያ ገበያ ውረጂ» አሉ እማሆይ። «የሸሹት ሰዎች ዕቃ እዚያ ተዘርግቶ የለም?»

«የጠላት ዕቃ ቤቴ ላስገባ?»

«ቤትሽን ያቃጠለው ሰው ነው፤ እንጨትና ብረት ምን አደረገሽ? ጠበል ትረጪበታለሽ።»

ከመንደሩ እስከ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሩቅ አይደለም። ሥራነሽ ፍልጧን በብብቷ፣ በስደት ዘመኗ ለአንለይ ፈትላ ያሠራችውን ጋቢ በትከሻዋ ይዛ፣ ታረቀኝን አስከትላ ሄደች። አበረ የሚባለው ነጋዴ ከጣሊያኖቹ ሰፈር ያገኘውን ሁሉ ደጅ ላይ ደርድሮታል። መስታወት ያለው ቁም ሣጥን አለ፤ ሴቶች መልካቸውን እያዩበት ያልፋሉ። ጠረጴዛ አለ፤ ሸራ የለበሰ ተጣጣፊ ወንበር አለ፤ ከዳር ደግሞ ራስጌና ግርጌው የብረት ዘንግ የሆነ ሰፊ የሽቦ አልጋ።

ሥራነሽ በሰው መሀል ተቀምጣ ጉልበቷን ከፍልጡ ጋር ማሰር ጀመረች። ገበያተኛው ከበባት። መጀመሪያ ሸራው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሸራው ረግቦ ዋጣትና ታረቀኝ ጎትቶ አወጣት። ሳቁ ገበያውን ሞላው። ታረቀኝን በኀፍረት ላብ አጠመቀው፤ እሷ ግን ወደ ሽቦው አልጋ እያነከሰች ሄዳ ጠርዙ ላይ አረፈች። ከዚያ የብረቱን ዘንግ ያዝ አድርጋ ተነሣች። ብድግ አለች። ዞር ብላ ታረቀኝን አየችው፤ እንደገና ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። ከዚያ በኋላ የሰውን ሳቅ አልሰማችም።

«እመቤቴ፣» አላት አበረ እየሳቀ፣ «አልጋ የሚገዛ ሰው መተኛቱን ይሞክራል እንጂ መነሣቱን ይሞክራል እንዴ?»

«እኔ የምገዛው መነሣቱን ነው።»

ጋቢውን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችው። አበረ ፈትሉን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀጭንና እኩል ነበር። መሳቁን ትቶ ተቀበላት። ታረቀኝ አልጋውን በክንዱ ለካና ወርዱ ሁለት ክንድ ነው አለ። ሥራነሽም የቤቷን በር ራሷ ለክታ ነው ያሠራችው፤ ሁለት ክንድ ከስንዝር።

«ስንዝር ይተርፈናል» አለች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

አበረ የሰጣቸው ሁለት ተሸካሚዎች ከታረቀኝ ጋር ተጋግዘው አልጋውን ደጃፏ አደረሱት። ራስጌውን አስቀድመው ወደ በሩ ገፉ። ወይ ፍንክች። ሥራነሽ «ግፉ እንጂ፣ ስንዝር ይተርፈዋል» አለች። ባለ በሌለ ኃይላቸው ሲገፉ ብረቱ በሁለቱ መቃን መሀል ተቀረቀረ፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልል አለ። ፈታትተው እንዳያስገቡት ብሎኑ ዝጓል። በጎን እንዳያስገቡት ራስጌው ከወርዱም ይረዝማል። እማሆይ ይህን ሁሉ ከአጥሩ ሥር ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ የታረቀኝንና የሥራነሽን ክንድ ያዙና ጎን ለጎን አስተካከሉት። የታረቀኝ ጣቶች ከሥራነሽ ጣቶች ከግማሽ ስንዝር በላይ አልፈው ሄዱ።

«በሩ በሴት ክንድ፣ አልጋው በወንድ ክንድ» አሉ እማሆይ። «እንዴት ይገናኛል?»

ሥራነሽ ጋቢዋን አሰበች። አሁን ለአንለይ የምታለብሰውም፣ የምታስገባበት ቤትም የላት። ተሸካሚዎቹም እንደ ደከሙ ወደ ገበያቸው ተመለሱ። በዚህ መሀል ታረቀኝ «መጣ» አለ።

አንለይ ከባሕር ዛፎቹ ሥር በዱላ እየተደገፈ ብቅ አለ። ቀኝ እግሩን ከጎኑ እያዞረ ነው የሚራመደው። ጠቁሯል፣ ጢሙም ሸብቷል። ሥራነሽ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ እሱ በትከሻዋ በላይ ደጁን የዘጋውን ነገር አየ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሸሸ ሰው ነው» አለች።

አንለይ ሳቅ አለ። ድካሙ ጠንቶበት ነበርና የያዘውን ጥቅልል አስቀምጦ ከበሩ ውጭ በቀረው የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ዞር ሲል እማሆይ ቀደም ብለው ደጅ ያወጡት የአያቱ በርጩማ ላይ አረፈ።  ከዚያ በዱላው ሳብ አድርጎ የማይታጠፈውን እግሩን ላዩ ላይ አሳረፈው። ውሃ ሰጡት፣ ጠጣ። ስለ ዲማ ማንም አላነሣም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እግሩን ከበርጩማው አወረደ። ሊነሣ መሆኑን አይቶ ታረቀኝ ወደ ብብቱ ተንደረደረ፤ ሥራነሽ እጀ ጠባቡን ጨምድዳ ያዘችው። አንለይ የብረቱን ዘንግ ጨበጠ። ተነሣ። ማንም እንዳልነካው ለማረጋገጥ ይመስል ግራና ቀኙን አየ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። ሥራነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ታረቀኝ፣ ይህን አልጋ ከበሩ አውጣው» አለ።

ሥራነሽ ሊሄድ ነው ብላ ደነገጠች። ታረቀኝ ወዲያ ወዲህ እየወዘወዘ በግድ ነቀለው፤ ከመቃኑ ጭቃ ተቦጭቆ ወረደ። አንለይ ወደ በሩ ተጠጋ።

«ይህን በር ማን ነው የለካው?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ክንድ?»

«በራሴ ነዋ» አለች። «ሌላ ክንድ እዚህ መቼ ነበረ?»

አንለይ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን በቀኙ መቃን ላይ አድርጎ ክንዱን በባዶው በር ላይ ዘረጋ።

«ጣቴ የደረሰበትን ያዢልኝ» አላት።

ሥራነሽ ጣቷን ከጣቱ ጫፍ አጠገብ አቆመች። እሱም ክርኑን ከእሷ ጣት ላይ አስነሥቶ ሁለተኛ ለካ። ክንዱ የግራውን መቃን አልፎ እርጥቡ ምርጊት ላይ ደረሰ፤ እዚያ በጥፍሩ ጫረ። ከዚያ በላይ አንድ ስንዝር ጨመረ።