ሻንጣውን የወረወረችው ሴት

በቴሌቪዥን ያየነው ፊልም ላይ ያለችው ሴት ባሏ ከሥራ እንደተባረረ ሻንጣውን ከፎቅ ወረወረችው። ልብሱ መንገድ ላይ ተበተነ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ሙዚቃ ተከፈተና እሷ ጨፈረች፤ ወዲያው ደግሞ የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ታየች። ምራቴ አምሳለ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይባስ ብሎ ልጄ ምትኩም ሳቀ። እዚሁ ለቡ ሴራሚክ የሚያነጥፍበት ሕንፃ ሥራው ከቆመ ወዲህ እሱም ቤት ነው የሚውለው።

ባል እንደ አሮጌ ጫማ ሲጣል ምኑ ያስቃል? ወንዱ ሚስቱን እንዲያ ቢያደርጋት አውሬ ይባል ነበር፤ እሷ ስታደርገው ጀግና ናት። በየፊልሙ ይኸው ነው። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ወንድ ልጅ አልወለዱም?

አምሳለ ሀና ማርያም ልብስ ትሸጣለች፤ የቤቱ ወጪ በእሷ ላይ ወድቋል። ነገ እኔም ቤት ይኸው ይመጣል አልኩ። ለማንም ሳልናገር መካኒሳ አቦ ሄጄ እሷን ለልጄ የጠየቁልንን ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ጌቱንና ጋሽ ዋቅጅራን፣ ትዳሩ ሊፈርስ ነውና ድረሱ አልኳቸው።

እሑድ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ጋሽ ጌቱ የጠቡን ምክንያት ሲጠይቁ ባልና ሚስቱ ተያዩ። የምትኩ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌ የጠራችው ሚስቱ መሰለችው።

"ከሰለቸሁሽ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?" አላት።

ያኔ የጠራኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። ፊልሙንም ነገርኳቸው። ጋሽ ዋቅጅራ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

"እማዬ፣ እኛ እኮ ፎቅ የለንም። ከየት ትወረውረኛለች?" አለ ምትኩ።

አምሳለ ግን አልሳቀችም። "ሥራ ካቆመ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ሳቀ ብዬ ነው የሳቅሁት። እርስዎ እኔን ከዚያች ሴትዮ ጋር አንድ አደረጉኝ?"

"ሰው ሲዋረድ አብረሽ ከሳቅሽ በምን ልለይሽ?" አልኳት።

ጋሽ ጌቱ ሳናስታርቅ አንሄድም ብለው እኔንና ምራቴን አስነሱን። ተሳሳምን። ጉንጯን አቀረበችልኝ እንጂ አልሳመችኝም።

አሁን እኔ ሳሎን ስገባ ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች። ምትኩ በመካከላችን ተቀምጦ ጥቁሩን መስታወት ያያል።