የታጠበችው ቆብ

እንግዲህ ሰውየው ልብስ አጣቢ ነው፤ ላውንደሪ አለው። እጁ እድፍ ካየ አያስችለውም። ያን ዕለት ጉድ ሊሠራው የነበረውም ይኸው እጁ ነው።

ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ቤቱ ጭር ሲል፣ አጠገቧ ተኝቶ እንባዋን ይልስላት የነበረው ኩርፌ ነው፤ ውሻቸው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ጥለውት ወጥተው ሲመለሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ይቀመጣላ! አሁን ተሳክቶላት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ከሆስፒታል ልትወጣ ነው።

አማቱ ግን ቆርጠዋል። ውሻው ሕፃን እንዲለምድ የተገዛውን አሻንጉሊት ኩርፌ ክንዱን ገንጥሎ ሲጥለው በዓይናቸው አይተዋል። "ሕፃኗ ባለችበት አንዴ ካጉረመረመ ጎረቤታችን ሹፌሩ ወስዶ መጋዘን ያስረዋል። አለቀ!"

"እማማ፣ አንድ ዕድል ይስጡት እንጂ።"

"ዕድሉን ለልጅ ልጄ ነው የምሰጠው!"

ሚስትየው የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና ይህን ሰምታ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች።

የእንስሳት ሐኪሙ አንድ መላ ነግሮታል፦ ሕፃኗ የለበሰችውን ነገር ቀድመህ አምጣና ያሽትት፤ ጠረኗን ከለመደ እንግዳ አትሆንበትም።

ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ልጁን አቀፋት፤ ትከሻው ላይ ወተት አስመለሰችበት። ከተወለደች ጀምሮ ያደረገቻትን ቆብ በፌስታል ቋጥሮ ወጣና ደንበኛ ይጠብቀው ስለነበር ሱቁ ጎራ አለ። ደንበኛው ይጨቀጭቀዋል፣ ስልኩ ይጮኻል። እጁ የለመደውን ሠራ። ፌስታሉን ፈታ፣ ቆቧን ከነጭ ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ ከተታት፣ በረኪና ጨመረበት፣ ዘጋው።

ትዝ ያለው በመስተዋቱ ስትሽከረከር ሲያያት ነው። "ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!" በሩን ጎተተ። ማሽኑ ሳይጨርስ መች ይከፈታል! ስልኩን ቢያነሳ አማቱ ናቸው፤ "ልንወጣ ነው፣ ሹፌሩ ያመጣናል።" ማሽኑ እስኪቆም ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች።

እርጥብ ቆቧን ይዞ እየሮጠ ቤት ገባ። ኩርፌ አንዴ አሸተተ፤ በረኪናው አስነጠሰውና ጀርባውን ሰጠ።

ሰውየው መሬት ላይ ተንበረከከ። "እባክህ የኔ ጌታ፣ አታዋርደኝ! አንተ ከሄድክ ሚስቴም አትተርፍልኝም። ምን ላድርግህ? ንገረኝ እስቲ!" አንገቱን አቅፎ ተንሰቀሰቀ።

ውሻው ፊቱን ሊልስ ዞር ሲል አፍንጫው የሰውየው ትከሻ ላይ ቆመ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ከዚያ የደረቀችውን ወተት ቀስ አድርጎ ይልሳት ጀመር። ቀን ሙሉ የሰው እድፍ ሲያሳድድ የሚውል ሰው የገዛ ሸሚዙን ሳያይ ቀርቶ ነበር።

ወዲያው መኪናው ጥሩንባ ነፋ። ሚስቱ ፊቷ ገርጥቶ ገባችና ሕፃኗን እንዳቀፈች ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አማትየው የውሻውን ማሰሪያ ጨብጠዋል። ኩርፌ ቀረበ፣ የሕፃኗን እግር አሸተተ፣ እዚያው እግራቸው ሥር ተጋደመ። እፎይ ሊሉ ነው። ያኔ ሹፌሩ "እስቲ ልያት!" ብሎ በዘይት የጠቆረ እጁን ዘረጋ። ኩርፌ ብድግ ብሎ መሃል ገባና አጉረመረመ።

ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች። ባልየው "እማማ..." ብሎ ወደ እሳቸው ራመድ አለ። አማትየው ማሰሪያውን ይዘው ወደ ውሻው ሄዱ። ውሻውን አዩት፤ ሹፌሩን አዩት፤ እጁን አዩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳትታጠብ ነው እንዴ ልጅቷን የምትነካው?" አሉ። "ውሻው እንኳ አወቀብህ!" ማሰሪያውንም ከበሩ ኋላ መልሰው ሰቀሉት።

ሚስትየው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እንባዋን የሚልስላት ግን አልመጣም፤ ኩርፌ ከሕፃኗ አጠገብ ንቅንቅ አልል አለ።