ጉበኑ ያላወቃት

ሚኒባሱ አለም በርን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ አገኘሁሽ አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ አየች። የፎገራ ሜዳ ከታች ተዘርግቷል፤ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ እንደ ታጠበ ትሪ ያበራል። እዚያ ተወልዳ፣ እዚያ ወልዳ፣ እዚያ ባሏን ቀብራ፣ ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ ቤት የሚሠራበት ምክንያት አንድም ቀን ገብቷት አያውቅም።

“ግንብ አምባ፣ ግንብ አምባ ይላሉ” አለች እንግዳው ለሚባለው ልጇ። “ድንጋይ ታርሶ አይበላ።”

“እናቴ፣ ዛሬን እንኳ አፍሽን ያዥልኝ። ቤት አይተን፣ ቃል ሰጥተን መመለስ ነው። መኪናው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አይጠብቅም፤ ጊዜው ደግሞ መንገድ ላይ የሚመሽበት አይደለም።”

“አፌን የምይዝ ከሆነ ምን አመጣኝ?”

እውነቷን ነው። የመጣችው ለአፏ ነበር። በእነሱ ወገን ልጅ ከመታጨቷ በፊት ዘመድ የወንዱን ቤት ያያል። ካየ በኋላ ከሴቶቹ ትልቋ “ቤቱ ቤት ነው” ብላ የቤቱን እህል ስትቀምስ ሠርጉ ይቆረጣል። እሷ ካላለች የለም። ቃሉ ሳይወጣ እህሉ በጉሮሮዋ አይወርድም። አገኘሁሽ ይህን ነገር እንደ ቀልድ አትይዘውም፤ እህቷን ትሁንን የዳሯት ጊዜ አክስታቸው ጠግባ በልታ ቃሉን ወርውራው ነበር። በረት ሙሉ የታየው ከብት የጎረቤት ሆኖ ተገኘ። ትሁን የሰው እህል ስትወቃ ኖራ የሰው እህል ስትወቃ ሞተች።

ዛሬ ቃሉ የሚጠበቀው ለልጅ ልጇ፣ ለእንግዳው ልጅ ለፀደይ ነው። ፀደይ ወረታ ላይ ባጃጅ የሚነዳውን ዘመኑን ወዳለች። ልጁ ሥርዓት አለው። አባቱ ባየህ ሽማግሌ ይዞ ወረታ ቤታቸው የወረደ ጊዜ ስለ አባቶቹ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሲተርክ፣ ልጁ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አገኘሁሽ ያኔ ዓይን አፋር ነው ብላ አለፈችው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፀደይ ነጠላዋን እያስተካከለችላት፣ “እምዬ፣ ቤቱ ባያምርሽስ?” አለቻት።

“ካላማረኝ አላማረኝም እላለሁ። ማንን ፈርቼ?”

ልጅቱ የነጠላውን ጥለት ደግማ አስተካከለች።

ግንብ አምባ ሲደርሱ ባየህና ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ከነዘመኑ መንገድ ላይ ጠበቋቸው። ቤቶቹ ክብ ናቸው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በጭቃ ብቻ ቆሞ፣ ሣር ለብሶ፣ ከታች ለከብት ከላይ ለሰው። ደረጃው ግድግዳውን ከውጭ ታቅፎ ይወጣል። ከሩቅ አገር እየመጡ ፎቶ የሚያነሷቸው ናቸው። አገኘሁሽ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለችበትም። የሠራው እጅ ይባረክ አለች፣ በሆዷ።

“ጎንበስ ይበሉ እማማ፣ ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው” አለ ባየህ ከደረጃው ጫፍ በሩ ላይ ቆሞ።

ጎንበስ ብላ ገባች፤ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እንግዳው ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ፣ “ይኼ ነው ቤት” አለ። ሰብለ ወንጌል ድፎውን በሰፌድ ተሸክማ በደረጃው ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ጉበኑ ግንባሯን ጓ አደረጋት።

“ምንም አይደለም፣ ቸኩዬ ነው” አለች። ግንባሯ ወዲያው አበጠ።

እንግዳው ይጎርሳል፤ ያመሰግናል። አገኘሁሽ ቁራሿን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሰው ለኖረበት በር ጨለማ ውስጥም ጎንበስ ይልለታል። አንገቱ ያውቀዋላ። ሰብለ ጠላ ልትቀዳ ጣሳ ፈለገች፤ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ባየህ በዓይኑ ወደ ጓዳው ጠቆማት። አገኘሁሽ ከታች በደጁ ያለፉት ጋጣም ትዝ አላት። እበት አልሸተታትም ነበር።

“ሰብለ።”

“አቤት እማማ።”

“ዘመኑን የወለድሽው እዚህ ቤት ነው?”

ሰብለ ባሏን አየች። “አዎ።”

“ሌሎቹንም?”

“ሁሉንም።”

“ታዲያ ጉበኑ እንዴት አላወቀሽም?”

እንግዳው ማኘኩን አቆመ። “እናቴ” አለ በጥርሱ።

“አንተ ብላ።”

ባየህ ሳቀ። ሳቁ ደረቅ ነበር። “እማማ ቀልድ ያውቃሉ።”

“ቀልድ ሲያምረኝ ወረታ ገበያ አለልኝ።”

“ይቅመሱ እንጂ፤ እህል ፊት አይነሳም። ቃሉን ይበሉልን፣ መኪናውም ሊሄድባችሁ ነው።”

ቁራሹ እጇ ላይ ከበዳት። አሁን እንቢ ብትል ፀደይ እስከ ዕለተ ሞቷ ፊቷን አታሳያትም። እሺ ብትል ደግሞ ትሁን ከመቃብር ቀና ብላ የምታያት መሰላት። ባየህ ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ ታያለች፤ እንግዳው በዓይኑ ይለምናታል።

“አባቴ፣ ይበቃል” አለ ዘመኑ። እስካሁን ደረጃው ላይ ነበር የቆመው። “ቤቱ የእኛ አይደለም። ባለቤቶቹ ከተማ ገብተዋል። አባቴ ቁልፍ ይዞ ለጎብኚ ይከፍታል። የእኛ ከገበያው በታች ያለችው ቆርቆሮ ናት። ፀደይ ታውቃለች። ያኔውኑ ነግሬያታለሁ።”

የፀደይ የጠዋት ጥያቄ አሁን ለአገኘሁሽ ገባት። እንግዳው ጠላውን አስቀምጦ ብድግ አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

“የሰው ቤት አስገብታችሁ ነው የምታበሉን? ተነሽ እናቴ። ልጄን ከወንዝ ነው ያነሳኋት?”

“ቁም። ቤት እዪ ተብዬ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቻለሁ፤ ሳላይ አልወርድም። ሰብለ፣ ወደ ቤትሽ ምሪኝ።”

የሚኒባሱ ጥሩንባ ከወደ መናኸሪያው ጮኸ። እንግዳው እያጉረመረመ፣ ባየህና ዘመኑም ከኋላ ተከተሏቸው። ቆርቆሮዋ አንድ ክፍል ናት፤ መስኮት የላትም። ሰብለ ወንጌል ጨለማው ውስጥ ገብታ ሳትደናበር በርጩማ አነሳች፤ ወለሉ መሃል ያለችውን ጎድጓዳ ሳታያት ተሻገረቻት። አገኘሁሽ ግን እግሯን ከተተችባት።

“አፈር ልብላ!” አለች ሰብለ።

“ተይው። የጎደጎደው የኖራችሁበት ስለሆነ ነው።” የምድጃውን አመድ ነካች፤ ትኩስ ነው። “ይህን ድፎ የት ጋገርሽው?”

“እዚሁ እማማ።”

አገኘሁሽ ቁራሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ወደ ባየህ ዞረች።

“ቤቱ ቤት ነበር፤ አንተ አፈርክበት እንጂ። ቃሉን ግን እዚህ አልሰጥም። ውሸቱን የዘራኸው ወረታ ነው፤ ወረታ ወርደህ በእጅህ ትነቅለዋለህ። በዚያው መደብ ላይ፣ በእነዚያው ሽማግሎች ፊት። ያን ጊዜ እቀምሳለሁ።”

ባየህ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ያዘ። “እዚሁ ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት አያዋርዱኝ።”

“በሰው ፊት አይደል የኮራኸው?”

ጥሩንባው ደግሞ ጮኸ። እንግዳው እናቱን በክንዷ ደግፎ ዳገቱን አስወጣት። ዘመኑ ከኋላ ይከተላል፤ አባቱን ቀና ብሎ አላየም። አገኘሁሽ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ያዘው። ባየህ ታች ቆሞ የዚያን የድንጋይ ቤት ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል። አልለምነውም አለች በልቧ። ወረታ ስትወርድ ግን ፀደይ ከደጅ ቆማ መጀመሪያ የምታየው ያልተቀመሰውን ቋጠሮ ነው።

“ግባ ወይ ተው” አለው ረዳቱ።

ባየህ ቁልፉን አጠገቡ ለቆመችው ሚስቱ ሰጠና ጋቢውን ሰብስቦ ገባ። ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። እንግዳው ዞሮ አላየውም።

ሜዳው ከታች ሲገለጥ ባየህ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እማማ፣ ሽማግሎቹ ዛሬውኑ ይገኙ ይሆን?”

አገኘሁሽ ቋጠሮዋን በመዳፏ ዳበሰች፤ አልፈታችውም።

“ካልተገኙ ታድራለህ” አለች። “የእኛ ጉበን ከፍ ያለ ነው፤ ግንባርህን አይነካህም።”