ሳጥን ሳጥን ሆኖ የወጣው ደብዳቤ

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። ልሁና! ሃያ ዓመት ሙሉ «ቶሎ በይልኝ፣ መኪና አቁሜ ነው» ከሚል ሰው ጋር ስትውል የኖረች ሴት ካልተቆጣች ማን ይቆጣ? ማተሚያ ቤቴ ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከነሱ መሃል ደግሞ እኔ። ወንበር አለ፤ ግን ወረቀት ስለተቆለለበት ደንበኛውም እኔም ቆመን ነው የምንሠራው።

ያን ቀን ደግሞ ይባስ ብሎ ተጣድፌያለሁ። እናቴ አስር ሰዓት ላይ በሚነሳው አውቶብስ ወንድሜ ወዳለበት ከተማ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። አባታችን ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። «ብቻዋን ምን ትሠራለች? እኔ ጋ ሰፊ ቤት አለ» አለ ወንድሜ። በስልክ ተነጋገርን፣ ትኬት ቆረጥን፣ ነገርናት። «እናንተ ካላችሁ» አለች። በቃ፣ አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ላሳፍራት ነበር ሐሳቤ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ደቂቃ ከተፍ አሉ። ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ሱቃቸው ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። የሰፈሩ ሰው ይህን ስም ያወጣላቸው፣ ምንም ሰዓት ይዘህ ብትሄድ «አምስት ደቂቃ» ብለው ተቀብለው ሳምንት ስለሚያቆዩት ነው። ያን ቀን ፂማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ አንዲት ፍላሽ በሁለት ጣታቸው ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«ይሄን አትሚልኝ» አሉ። «አንድ ገጽ ነው። ግን እንዳታነቢው።»

«ምን አሉኝ?»

«አታንቢው። የማዶው ማተሚያ ቤት ባይዘጋ ኖሮ አንቺ ጋ አልመጣም ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ እኔ የሰው ወረቀት የማነፍነፍ ሱስ ያለብኝ ይመስልዎታል? እዚህ ስንት የፍቺ ማመልከቻ፣ ስንት የኑዛዜ ወረቀት አልፏል! አንዱን እንኳ ከዚህ በር አውጥቼ አላውቅም።» እውነት ለመናገር አንዳንዱን አነባለሁ። ግን አላወራም።

ፋይሉን ከፈትኩት። ላንብብስ ብል ምን ሊነበብ! ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ቃለ አጋኖና ሰረዝ ተደበላልቆ፣ ድመት ኪቦርዱ ላይ የተንጎራደደችበት ይመስላል። ብቻ ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከሦስት ሜትር ይታያል።

«በምን ተጻፈ ይሄ?»

«በላፕቶፔ። ራሴ ነኝ የተየብኩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።»

«የድሮ ፎንት ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ የለም። ፎንቱ ከሌለ ደግሞ የሚወጣው ይሄ ነው። በእጅዎ ቢጽፉት አይሻልም?»

«የእጅ ጽሑፌን ብታዪው እንዲህ አትይም። የሰዓት ጥርስ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ በአውራ ጣቴ ይሸፈናል። የምታነበው ሰው ደግሞ ዓይኗ ደከም ብሏል። ለዚህ ነው ያተለቅኩት።»

«በአፍዎ ቢነግሯትስ?»

መሬት መሬት እያዩ «ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር» አሉ። «ሦስቱንም ጊዜ ስለ ግድግዳ ሰዓቷ አውርቼ ተመለስኩ።»

እሷ! ወይ ጉድ! ጋሼ ደቂቃን ፍቅር ይዟቸዋል! ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። «መቼ ነው የሚደርሳት?» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ዛሬ ነው እንጂ። አስር ሰዓት ላይ ከከተማ ትወጣለች። ሳይደርሳት ከሄደች አበቃልኝ።»

«የሚገርም ነው! እናቴም እኮ አስር ሰዓት ላይ ነው የምትሄደው!»

ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እኔ ደግሞ ሙቀቱ ነው ብዬ መስኮት ከፈትኩላቸው። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ እንዲህም ያለ ሞኝ አለ?

ላፕቶፑን እንዲያመጡ ላክኋቸው። በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ሲሮጡ ላያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ላፕቶፑን ሕፃን ይመስል አቅፈውት ተመለሱ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የቻርጀሩም ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው የቆመው። ሰክቼ፣ ፎንቱን ፈልጌ፣ በፍላሽ ገልብጬ ወደ እኔው ኮምፒውተር ጫንኩት። የእኛ ፊደል ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ሲል ጋሼ ደቂቃ ኮታቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ጣሉት።

«ኮትዎን ያንሱ!»

«ሳታዪ አትሚው።»

«በኮት ላይ ነው የማትመው?»

ተጨቃጭቀን ተስማማን። እሳቸው ኮቱን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ይዘው ጽሑፉን ሊጋርዱ፣ እኔ ከላይ ያሉትን ምልክቶች ብቻ እያየሁ ልሠራ። ሃያ ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ሥራ አልገጠመኝም። ፕሪንት የሚለውን ተጫንኩ። ፕሪንተሩ ጓ ጓ አለና ወረቀቷን ተፋት።

ሳጥን። ሳጥን ሳጥን ሳጥን። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ፊደል የለም፣ ባዶ ሳጥን ብቻ ተሰልፏል።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ምን ብላ ታነባለች?» አሉ ጋሼ ደቂቃ። ድምፃቸው ቀጠነ።

እኔ ጦፍኩ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ ሳጥን። ቀለሙን አውጥቼ ነቀነቅኩት፣ ሳጥን። አጥፍቼ አበራሁት፣ አሁንም ሳጥን። ገመዱን የሸጠልኝን፣ ፕሪንተሩን የሠራውን፣ መብራት ኃይልን ሁሉንም አንድ በአንድ አዳረስኳቸው። ጋሼ ደቂቃ ስድቤ እስኪያልቅ ታገሡና ቀስ ብለው አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኔ የቆመ ሰዓት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መጨረሻ የነካው ማነው ብዬ ነው።»

«ማንም አልነካውም! ከእኔ በቀር ማን —»

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ባለፈው ሳምንት አንድ ድርጅት ሁለት መቶ ገጽ የፈረንጅ ቅጽ አምጥቶ፣ ፕሪንተሩ ሲንቀራፈፍብኝ ጊዜ፣ እንዲፈጥን ብዬ በራሱ ውስጥ ባሉት ፊደላት ብቻ እንዲያትም አዝዤው ነበር። በራሱ ውስጥ ያለው ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ የእኛን አያውቅም። በኋላ መልሼ ሳላስተካክል ረሳሁት። የገዛ ሥራዬ ነው! ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም፣ ስንት ምስኪን በከንቱ ተሰደበ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይሄ ማሽን አንዳንዴ እንዲህ ይነሳበታል» አልኩና ምርጫውን ወደ ነበረበት መለስኩት። አሁን ወረቀቷ በጥቁር፣ በወፍራም፣ በሚያምር ፊደል ተሞልታ ወጣች። ጋሼ ደቂቃ ፈጥነው ላፍ አደረጓት። እያነበቡ ፈገግ አሉ፤ ታች ሲደርሱ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«የመጨረሻዋ አንቀጽ አሁንም የፈረንጅ ፊደል ናት።»

«ለምን እሷ ብቻ? ሌላ ፎንት አደረጉባት እንዴ?»

«ዋናዋ እሷ ስለሆነች ብዬ… ጌጠኛ ፊደል ሰጠኋት።»

ያቺን አንቀጽ ወደ መጀመሪያው ፎንት ብቀይራትም ዝብርቅርቋ ወጣ፤ ፎንቷን ላመጣ ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። ድርግም ብሏል። ገመዱን ብጠመዝዝ፣ ብጫን፣ ብለምነው አልነሳም አለ። ጭራሽ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

«ጋሼ፣ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልተይበው።»

«ለአንቺ?»

«አይ፣ ለፕሪንተሩ! ለእኔ ነው እንጂ! ወይ ይናገሩ ወይ ሴትዮዋ ትሂድ።»

ኮታቸውን አንስተው ለበሱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጀመሩ።

«ጻፊ። ልጆችዎ መልካም ልጆች ናቸው። ወንዱ ይወድዎታል። ሴቷም…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማተሚያ ቤት ያላት ሴቷም፣ ቁጡ ብትሆንም፣ በጣም ትወድዎታለች።»

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ደረቁ። ማተሚያ ቤት ያላት ሴት በከተማው ብዙ አለች። ቁጡዋ ግን አንድ ናት።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ» አልኩ። አልጻፍኩም ነበር።

«ነገር ግን መሄድ ይፈልጋሉ ወይ ብሎ የጠየቀዎት ሰው ያለ አልመሰለኝም። እኔ ልጠይቅዎ። መሄድ ይፈልጋሉ? ካልፈለጉ፣ ከእኔ ጋር ቢኖሩ የቀረችኝ ዕድሜ ሁሉ ደስታ ትሆንልኛለች። አለቀ።»

አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እናቴን? ከአፍንጫዬ ሥር? ደግሞ እኔው በገዛ እጄ ልተይብላቸው! «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብል በቃ፣ ማን ያውቅብኛል? አስር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ወንድሜ ጣቢያ ወጥቶ ይቀበላታል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

ግን ያቺ ጥያቄ ሆዴ ገብታ ቁጭ አለች። ማን ጠየቃት? እኔ አልጠየቅኋት። ወንድሜም አልጠየቃት። «እናንተ ካላችሁ» ስትል እሺ ማለቷ ነው ብዬ ስልኬን ከረጢቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ ሮጥኩ። ባለፈው እሑድ ስሄድ መጋረጃዎቿን ሁሉ አጥባ ስትሰቅል አግኝቻት ነበር። ትታው ለምትሄደው ቤት መጋረጃ የሚያጥብ ማነው? አይቼ አላየሁም።

ተየብኩት። «ቁጡ ብትሆንም» የምትለዋን ልዘላት ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን የሰው ቃል ነውና ሳልነካ ተውኳት። ከመሳቢያዬ ለምስክር ወረቀት የማስቀምጠውን ወፍራም ወረቀት አውጥቼ አተምኩበት። አንድም ሳጥን የለም።

ጋሼ ደቂቃ ከግድግዳው ሳይዞሩ «ተቆጣሽ?» አሉ።

«በጣም! አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የት ነበሩ? ይዙሩ፣ እንሂድ!»

«አንቺ ብትሰጫትስ?»

«ኧረ በገዛ እጅዎ! እኔ ፖስተኛ ነኝ?»

ሱቁን ዘግቼ ክንዳቸውን ይዤ ተፈተለክን። እማዬ ሳሎን ውስጥ በሁለት ሻንጣ መሃል ካፖርቷን ለብሳ ተቀምጣለች። ጋሼ ደቂቃ ደብዳቤውን ዘረጉላት። እሷ ወረቀቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ መስመር ሳትዘል አነበበች። ጋሼ ደቂቃ ወደ በሩ ተመልሰው ቆሙ።

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቺን አንቺ ነሽ የተየብሻት?»

«አዎ።»

«ቁጡ የምትለዋንም?»

«እሷንም።»

እማዬ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ወገቧን ይዛ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች። ካፖርቷን አውልቃ ሻንጣው ላይ ጣለችና «አልሄድም» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሄድ አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሄጄ አንገቷን አቀፍኳት፣ አለቀስኩም። ይቅርታ በይኝ አልኳት፤ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

ጋሼ ደቂቃ ከበሩ ሆነው «ሁለተኛውስ ጥያቄ?» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ! አንድ ገጽ ደብዳቤ ለመስጠት ይህን ያህል ከቆዩ በኋላ አሁን ነው የሚያጣድፉኝ?» አለቻቸው። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። «እሺ ብያለሁ። ይግቡና ይቀመጡ እንግዲህ።»

ገቡ፤ ግን መቀመጡን ረስተው እየሳቁ ሳሎኑ መሃል ቆመው ቀሩ። እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ሦስታችንም ለምን እንደምንስቅ ሳናውቅ ስንስቅ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«ተሳፈረች?»

«አልተሳፈረችም።»

«እንዴት? አውቶብሱ ሊነሳ አይደል እንዴ? ምን ተፈጠረ? ያ ሁሉ የሚሰማኝ ሳቅ ምንድን ነው?» አለ ባንድ ትንፋሽ። የቤተሰባችን ቁጣ ነው፣ አውቀዋለሁ። «ቆይ፣ አንቺ ምን ይሻላታል ትያለሽ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ራሷን ጠይቃት» አልኩና ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት።