«ልቀቅ» ያለው ማን ነው?

አባትየው የሳሙና ፋብሪካውን ደረጃ ሲወጣ ንዴቱ ከእግሩ ይቀድም ነበር። ልጄ ሐኪም ይሆናል ብሎ አፉን ሞልቶ ያልነገረው የቢሮ ሰው የለም። ልጅ ሆዬ ሕክምናውን ከመንገድ አቋርጦ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማረና እዚህ ፋብሪካ ተቀጠረ። ዛሬ የሙከራ ጊዜው ያበቃል፤ ከፈረመ ቋሚ ይሆናል፣ ደመወዙም ከአባቱ ይበልጣል። ለማንም አይናገራት እንጂ አባትየውን ይበልጥ የምታበግነው ይህቺ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተመላሽ ተማሪ የሚቀበለው እስከ ዛሬ ብቻ ነው።

ልጁን ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት እጁን ግድግዳው ላይ ወዳለ የብረት ሳጥን ከትቶ አገኘው። ለጥገናው መብራት ስለጠፋ ማሽኖቹ ሁሉ ጸጥ ብለዋል።

«ተነስ፣ እንሂድ።»

«አባዬ፣ እጄ ሽቦ ውስጥ ነው። ውጭ ጠብቀኝ» አለ ልጁ ሳይዞር።

«ለሽቦ ነው ያሳደግኩህ?»

«በሞቴ አባዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶት ማውራቱ የአባትየውን ደም አፈላው። ሥራውን ልቀቅ ሊል ነበር፤ ከንዴቱ ብዛት ግማሹን ዋጠው።

«ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ!»

ከግድግዳው ጀርባ፣ ዋናው ማጥፊያ ጋ የልጁ የሥራ ባልደረባ ቆሟል። «ቀልቃላው» ይሉታል፤ ስሙንም በከንቱ አላወጡለትም። ሲጠብቅ የቆየው ይህቺኑ ቃል ነበር። እነሱ ዘንድ «ልቀቅ» ማለት መብራቱን ልቀቀው ማለት ነው። ለቀቀው።

ልጁን ያተረፈው በጩኸቱ ደንግጦ እጁን መዝዞ መዞሩ ብቻ ነው። ከእጁ ያመለጠው ሽቦ ከሳጥኑ ብረት ጋር ተገናኝቶ ጧ አለ፤ ክፍሉ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታፈነ።

የጥገና ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች። የልጁን እጆች አገላብጣ አየች፤ ደህና ናቸው። የተቆጣችው ያን ጊዜ ነው።

«ማንም መብራት እንዳይለቅብህ ማጥፊያውን የምትቆልፍበት ጓጉንቸርህ የታለ?»

ልጁ ኪሱን ዳበሰ። «እዚህ ነው። ቶሎ ልጨርስ ብዬ…»

«እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብና ወደ ቤትህ ግባ።»

አባትየው የመጣበት ጉዳይ ይኸው አለቀለት። ልጁ ግን ማልቀስ ጀመረ። ሞት ለጥቂት ስቶት ሳለ የሚያለቅሰው ለሥራው ነበር። ሕክምናውን ትቶ ሲመጣ አንዲት እንባ እንኳን አልወጣችውም። አባትየው በልጁና በኃላፊዋ መካከል ገባ።

«ልቀቅ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «አያባርሩት፣ እህቴ።»

«ሳይቆልፍ የገባው እሱ ነው።»

«ነው። ይቅጡት። ብቻ አያባርሩት። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።»

ኃላፊዋ ሁለቱንም እያፈራረቀች አየቻቸው። «የሙከራ ጊዜውን እንደ አዲስ ይጀምራል» አለች በመጨረሻ። «እርስዎን ግን ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይዎት። አሁኑኑ ይውጡልኝ።»

«እሺ» ብሎ ወጣ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት ከየትም ተባርሮ አያውቅም።