አስፈቅዶ የገባ

ጋሽ አባይነህ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለችው የኢክላስ የስልክ ጥገና ሱቅ በጠዋት መጡ። አርባ ዓመት ፒያሳ ላይ ሰዓት ሲጠግኑ፣ የተበላሸ ሰዓት እንዲህ በመሐረብ ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣላቸው።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እኔ ሳልጽፍ ይጽፋል።»

ኢክላስ አነበበችው። በእሳቸው ስም ለአርባ ሦስት ሰው የተላከ መልእክት ነው፤ «የድሮ ሰፈራችንን ፎቶ ለማየት እዚህ ይጫኑ» ይላል። አርባ ሦስቱም የእድራቸው አባላት ናቸው። የፒያሳው ሰፈር ሲፈርስ ሰዉ በከተማው ዳር ዳር ተበተነ፤ እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ሲሞት አባላቱን ለቀብር የሚጠሩት ጸሐፊው ጋሽ አባይነህ ናቸው። የእሳቸውን መልእክት ሳይከፍት የሚያድር አልነበረም።

«ምን ጫኑበት?»

«ፎቶ የሚያድስ ነገር። የጎን ለጎን ሱቆቻችን ፎቶ ደብዝዞብኝ። የእኔና የአባትሽ።»

ኢክላስ ለመተግበሪያው የተፈቀደውን አንድ በአንድ አየች።

«ፎቶዎን ልይ ብሏል፣ ይሁን። ከዚያ ስልክ ቁጥሮቹን። ከዚያ መልእክት መላክ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ፎቶው ጥርት እንዲል ብሎ ስልኩን በእርስዎ ፋንታ ማዘዝ። ሁሉንም ፈቀዱለት?»

«እያንዳንዱን አስፈቀደኝ እኮ። ሌባ ያስፈቅዳል እንዴ?»

«ፎቶ አዳሽ መልእክት መላክ ምን ያደርግለታል?»

ጋሽ አባይነህ መሐረባቸውን አጣጠፉ።

«አባትሽ ሙዓዝ ለሶላት ሲወጣ ሱቁን ክፍት ትቶ፣ አባይነህ ዓይንህን ጣል ይለኝ ነበር። እኔም ቅዳሴ ስሄድ እንዲሁ። እምቢ መባባል አናውቅም።»

«አባዬ ሱቁን የሚተወው ለእርስዎ ነበር። ላስፈቀደው ሁሉ አይደለም።»

ፈቃዶቹን እየነጠቀች መተግበሪያውን አጠፋችው።

«በይ አሁን፣ እንዳትጫኑ ብዬ ልጻፍላቸው።»

«ከዚህ ስልክ የሚሄደውን ማን ያምናል?»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ነገ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞትና መልእክታቸው ሳይከፈት ቢቀርስ? ሬሳውን ማን ይሸኘዋል?

ኢክላስ የራሷን ስልክ ዘረጋችላቸው። «በድምፅዎ ይንገሯቸው።»

የእድሩን ደብተር ከኮታቸው ኪስ አወጡ። መጀመሪያ የደወሉት ከሱቃቸው ማዶ ጨርቅ ትሸጥ ለነበረችው ለወይንሸት ነው።

«አባይነህ ነኝ።»

«ትናንትም አባይነህ ነኝ ያለ ጽፎልኝ ነበር። እውነት እሱ ከሆንክ፣ ከባንኮኒህ በላይ የተሰቀለው ሰዓት ስንት ላይ ነበር የቆመው?»

ጋሽ አባይነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባንኮኒው፣ የሙዓዝ የሽቶ ጠርሙሶች፣ ከጎረቤቱ ኬክ ቤት የሚመጣው የቫኒላ ሽታ፣ ሁሉም በየቦታው ነበር።

«አምስት ከሩብ ላይ። ሃያ ዓመት ሙሉ።»

«ሰዓት ሠሪ ሆነህ ትንሽ አታፍርም ነበር።»

«እያያችሁ ትስቁ ስለነበር ነው ያልነካሁት።»

ወይንሸት ሳቀች። «ልጫነው ስል መነጽሬን አጣሁት እንጂ፣ ሰፈሩን ማየት አምሮኝ ነበር።»

«እኔንም ያታለለኝ ይኸው ናፍቆት ነው» አሉ።

እንዳትጫነው ነግረዋት ግማሽ ሰዓት አወሩ። ኢክላስ ወንበር አቀረበችላቸው። አርባ ሁለት ሰው ይቀራል። ሁለተኛው ስልክ ሲነሳ ጋሽ አባይነህ ቀደሙ።

«አባይነህ ነኝ። የፈለግከውን ጠይቀኝ።»